ማዳሟ ፊት «እሺ» ከማለታችሁ በፊት

ጡዋል ውስጥ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሴቶች ተቀምጠናል። አንደኛዋ ሠራተኛ የምትፈልግ ማዳም ናት። ሁለተኛዋ በተናዙል ወደዚህ ቤት ልትዛወር የመጣች የወሎ ልጅ ናት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ለማስተርጎም ተጠርቼ ነው። ማዳሟ ትጠይቃለች። ልጅ ይዘሽ ታውቂያለሽ? አዎ። ከብሳ ትሠሪያለሽ? አዎ። ልብስ መተኮስስ? አዎ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ውስጠኛው ክፍል አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሉን። ታነሻቸዋለሽ? ታጥቢያቸዋለሽ?»

ልጅቷ ዝም አለች። ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ «እህቴ፣ እኔ እኮ ወገቤን ያመኛል፤ ምን ልበላት?» አለችኝ። እኔም በአማርኛ «አሁን እሺ በይ፣ በኋላ ይስተካከላል» አልኳት። እሺ አለች። «ነዓም» ብዬ ተረጎምኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ጠራ። ማዳሟ ነበረች። «ያቺ ልጅ ውሸታም ናት» አለችኝ።

ልጅቷ ውሸታም አልነበረችም። ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሙቃበላ፣ ማለትም ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳችን የምንሰጣጠውን ምክር ሁሉ እንደገና ሳስበው ቆይቻለሁ። ምክራችን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አንገትሽን ድፊ፣ ፈገግ በይ፣ የተባልሽውን ሁሉ እሺ በይ። አገር ቤት «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ነው ያደግነው። ተረቱ ለጎረቤትና ለዘመድ ይሠራ ይሆናል። ለሁለት ዓመት በሰው ቤት ለመኖር ስትዋዋሉ ግን ያለ ሐሳብ የወጣ «እሺ» በኋላ በእናንተው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። «የዚያን ቀን እሺ ብለሽ ነበር» ትባላላችሁ። የዚያን ቀን ምን ያህል ፈርታችሁ እንደነበር ማንም አያስታውስም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በቃለ መጠይቅ ጥሩ ጠባይ ማሳየት ማለት የምትችሉትንና የማትችሉትን በግልጽ መናገር፣ ቤቱንም በትሕትና መጠየቅ ነው። ማዳሟ እናንተን ትመርጣለች፤ እናንተም በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቱን ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ውሉ ሙሳነድ ላይ ይገባል፤ ያኔ መመለሻው ረጅም ነው።

አሁን አሁን ቃለ መጠይቁ በብዙ መንገድ ይመጣል። አገር ቤት ያለች እህታችሁ በኤጀንሲው በኩል በቪዲዮ ትጠየቃለች። አንዳንዷን ማዳሟ በዋትስአፕ ድምፅ ብቻ ታናግራታለች። እዚህ ጂዛን፣ ሳምጣና ጡዋል ግን በብዛት የማየው ፊት ለፊት የሚደረገውን የተናዙል ሙቃበላ ነው። ከአንድ ከፊል ወደ ሌላ ለመዛወር የምትፈልግ ሠራተኛ ወደ አዲሱ ቤት ትሄዳለች፤ ሻይ ይቀርባል፤ ጥያቄ ይጀመራል። የምጽፈው በይበልጥ ስለዚህኛው ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከቤት ሳትወጡ ነው፤ እሱም ከወረቀት። ጡዋል የድንበር ከተማ ናት። ማዶ ሐረድ ነው፣ የመን። በ2015 ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ መሻገሪያው ተዘግቷል፤ በመንገዱም ፍተሻ ብዙ ነው። ሪያድ ወይም ጅዳ የምትኖር ማዳም መጀመሪያ «ምግብ ታውቂያለሽ?» ትላለች። የጡዋል ማዳም የመጀመሪያ ጥያቄዋ ብዙ ጊዜ «በየት ገባሽ?» ነው። ይህን ስትሰሙ አትቀየሙ። በሳዑዲ ሕግ በድንበር ሰርጎ የገባን ሰው ያጓጓዘ፣ ያስጠለለ ወይም የረዳ ሰው እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ሊደርስበት ይችላል፤ መኪናውና ቤቱም ሊወረስ ይችላል። ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች፤ ባሏም ያውቃል። እንግዲያው ሳትጠየቁ፣ ገና ሰላምታው እንዳለቀ፣ ኢቃማችሁን አውጡና አሳዩ። የቤቱ ድባብ ወዲያው ሲቀየር ታያላችሁ። የኢቃማው ቀን ሊያልፍ ከተቃረበም ራሳችሁ ተናገሩ። እነሱ ሲያገኙት ነው የሚከፋው።

ኢቃማ ለሌላት እህቴ ምን ልበላት? በየመን በረሃ አልፈው እዚህ የደረሱ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእነሱም የሚሆን የተጠና መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን እላለሁ። ያለ ወረቀት የሚቀጥር ቤት ቅጣቱን እያወቀ ነው የሚቀጥረው፤ የዚያን ፍርሃት ዋጋ ደግሞ የሚያወጣው ከእናንተ ደሞዝና ከእናንተ ዝምታ ነው። እዚያ ቤት የሚደረገው ንግግር ቃለ መጠይቅ ሊባል አይችልም፤ ምክንያቱም «አይ» የማለት አቅም ያለው አንዱ ወገን ብቻ ነው። «ሥራ አገኘሁልሽ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ካለ ደግሞ በእጥፍ ተጠንቀቁ። አገር ቤት ለመመለስ ሰነድ የምትፈልግ ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት አለላት።

ወረቀት ያላችሁም ብትሆኑ አንድ ወጥመድ አለ። «መጀመሪያ አንድ ወር ለተጅሪባ ትሥራ፣ ከወደድናት እናዛውራታለን» ይሏችኋል። ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ነገር ግን ዝውውሩ ሳያልቅ በሌላ ሰው ቤት ስትሠሩ ኢቃማችሁ የሚለው ሌላ፣ እናንተ ያላችሁት ሌላ ቦታ ነው። የድሮው ከፊል ቢናደድ «ከሥራ ጠፍታለች» ብሎ ሊያመለክት ይችላል፤ እኛ ሁሩብ የምንለው ማለት ነው። አዲሱ ቤት ያኔ «እኛ አናውቃትም» ቢል ማን ይሰማችኋል? ዝውውር በሥርዓቱ ሲሄድ የአሁኑ አሠሪ፣ የአዲሱ አሠሪና የእናንተም ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ አብሸር በራሳችሁ የስልክ ቁጥር የተከፈተ ይሁን፤ የሚመጣውን የይለፍ ቁጥርም ሳታነቡ ለማንም አትስጡ። ለሙከራ ከሆነ ሕጉ ራሱ እስከ 90 ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ያ ሙከራ ግን ውል ከተያዘ በኋላ ያለው ነው። ይህንን በለሰለሰ ቃል ማለት ይቻላል፦ «ደስ ይለኛል፤ ግን መጀመሪያ ወረቀቱ ይጀመር፣ ለእናንተም ለእኔም ይሻላል።» እኔ ስተረጉመው የተቆጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለቤቷ ራሱ «ልክ ናት» ያለበት ቤት አለ።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ዩኒቨርሲቲ ዓረብኛ ስማር «ጥምጥማኒያ» የሚባል ነገር መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። የጥንት ሰዋስው አዋቂዎች ሒምየር ለሚባሉት የየመን ሰዎች የሰጡት መለያ ነው፤ «አል» በሚለው ፋንታ «አም» ይላሉ። ለፈተና አጠናሁትና ረሳሁት። ጂዛን በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አሮጊት «አምባብ ዝጊ» ሲሉኝ ደንግጬ ቆምኩ። አል ባብ፣ በሩን ማለታቸው ነው። አምበይት ቤቱ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ሞቷል ብዬ ያሰብኩት ነገር እዚህ በየጓዳው ይነገራል። ወጣቶቹ ከእንግዳ ጋር ሲያወሩ ይተዉታል፤ አያቶቹ ግን አይተዉትም፤ እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትውሉት ከአያቶቹ ጋር ሊሆን ይችላል።

ይህን የምነግራችሁ «ዓረብኛ ታውቂያለሽ?» ስትባሉ «በደንብ» እንዳትሉ ነው። ቤይሩት አራት ዓመት ሠርታ የመጣች አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ዓረብኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። እዚህ ግን ቲማቲሙን «በንዶራ» ስትል ሴትዮዋ ግራ ገባት፤ እዚህ «ጠማጢም» ነው። ሁለቱም ዓረብኛ ነው። ልጅቷ «አቀላጥፌ እናገራለሁ» ብላ ስለነበር ማዳሟ ያታለለቻት መሰላት። «የቤይሩት ዓረብኛ አውቃለሁ፣ የእናንተን እለምዳለሁ» ብትል ኖሮ የሚያስቅ ጨዋታ ይሆን ነበር። ዓረብኛችሁ የወጥ ቤት ዓረብኛ ከሆነም እንዲሁ በሉ። ያልገባችሁን «ለው ሰመሕቲ፣ መራ ሳኒያ» ብላችሁ አስደግሙ፤ ከይቅርታ ጋር «እንደገና» ማለት ነው። ሳይገባ «ነዓም» ማለት ግን በዚህ ሥራ ላይ ካየኋቸው ጥፋቶች ሁሉ ትልቁ ነው። አንዲት እህት «ድመት ትፈሪያለሽ?» ስትባል ነዓም፣ «ድመት ትወጃለሽ?» ስትባልም ነዓም ብላለች። በሳቅ አለፈ፤ ጥያቄው ስለ መድኃኒት ቢሆን ኖሮስ?

አስተርጓሚ ካለም አይናችሁን ማዳሟ ላይ አድርጉ። እኛ ልጆች ሆነን ትልቅ ሰው ሲያናግረን መሬት መሬት ማየት ነው የተማርነው፤ አክብሮት ነው። ብዙ ማዳሞች ግን እንደ መደበቅ ያዩታል። ከሴትየዋ ጋር ስታወሩ ቀና በሉ። ባልየው ወይም ወንድሟ ካለ ደግሞ የለመድነው ዓይን መስበር ቦታው ላይ ነው፤ እጅም አትዘርጉ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ይበቃል።

ብዙዎቻችሁን የሚያስጨንቃችሁ ሌላም ነገር አለ። አማርኛ «እርስዎ» አለው፤ ዓረብኛ የለውም። ማዳሟን «ኢንቲ» ማለት አንቺ እንደማለት ስለሚሰማችሁ ጥያቄ መጠየቁን ትተዉታላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። እዚህ አገር የአክብሮት ስም ኩንያ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ አሕመድ ከሆነ «ያ ኡም አሕመድ» ትሏታላችሁ። ገና ስትገቡ የልጇን ስም ጠይቁ። «ያ ኡም አሕመድ» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ምንም ያህል ከባድ ቢሆን በአማርኛ «እትዬ» ብሎ እንደሚጀምር ጥያቄ ነው፤ ድፍረት አይመስልም።

ስለ ምግብ ስትጠየቁ «ሁሉንም አውቃለሁ» አትበሉ፤ ማንም አያምናችሁም፤ ካመነችም ይብሳል። የምታውቁትን በስሙ ጥሩ። ጂዛን የራሷ ጓዳ አላት። ሚፋ የሚሉት የሸክላ ምድጃ አለ፤ ኸሚር የሚባለውን የቦካ ዳቦ ከማሽላ ወይም ከዘንጋዳ ዱቄት ይጋግሩበታል። መገሽ በድንጋይ ድስት የሚበስል ሥጋ ነው። መርሳ ደግሞ ዳቦ ከሙዝ፣ ከቅቤና ከማር ጋር የታሸ ነው። አንዲት የቆቦ ልጅ ሳምጣ ውስጥ ስትጠየቅ እንዲህ አለች፦ «የዓረብ ምግብ ገና እማራለሁ፤ ማሽላ ግን አቡክቼ እንጀራ ስጋግር ነው ያደግኩት።» ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት የቤቱ አያት ይህን ስተረጉም ቀና ብለው «ስንት ቀን ታቦኩታላችሁ?» አሉ። ከዚያ ማዳሟ ለሩብ ሰዓት አልተናገረችም፤ ወሬው የአያትየውና የልጅቷ ሆነ። ሥራውን አገኘች። አላውቅም ያለችው ነገር አልጎዳትም፤ የምታውቀውን በትክክል ማወቋ ነው የታየላት።

ስለ ስም፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ዕድሜ የሚመጣው ጥያቄ ይከብዳል። ድሮ ብዙ ክርስቲያን እህቶቻችን ስም ቀይረው፣ ፓስፖርታቸው ላይ ፋጡማና ዘሃራ ተብለው እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ደላላ እንዲህ ነው የመከራቸው። ከዚያ በቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚጠበቅ ውሸት ይሆናል፤ ሶላት ሲደርስ፣ ረመዳን ሲገባ፣ እናታቸው ደውላ በክርስትና ስማቸው ስትጠራቸው። ክርስቲያን ከሆናችሁ «ክርስቲያን ነኝ፤ ቤታችሁንና ሃይማኖታችሁን አከብራለሁ» በሉ። እምቢ የሚል ቤት ይኖራል፤ እዚያው በሩ ላይ እምቢ ቢል ይሻላል። ዕድሜም እንደዚያው ነው፤ የሳዑዲ ደንብ ከ21 ዓመት በታች የሆነች የቤት ሠራተኛ መቅጠር አይፈቅድም።

ከቀድሞው ቤት ለምን እንደወጣችሁ ትጠየቃላችሁ። አጭር መልስ ስጡ፤ እውነት ይሁን፤ የድሮዋን ማዳም አትሙ። ጡዋል ትንሽ ናት፣ እህትማማች ሊሆኑ ይችላሉ።

ደንቡን አንዴ ካነሳሁ፣ ስትገቡ በልባችሁ መያዝ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ለቤት ሠራተኞች የወጣው አዲሱ ደንብ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ፓስፖርታችሁን አሠሪ መያዝ አይችልም። ደሞዝ ደግሞ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለአዲስ ውሎች በሙሳነድ በኩል በባንክ ወይም በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ተደርጓል፤ ከዚያም በየደረጃው ሌሎቹን ቤቶች እንዲያካትት ተወስኗል። ከአገር ቤት በአዲስ ለምትመጣ ልጅ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የተቀመጠው ዝቅተኛ ደሞዝ 1,000 ሪያል ነው፤ እዚህ ልምድና ቋንቋ ይዛ የምትዛወር ከዚያ በላይ መጠየቅ ትችላለች። ቅሬታ ሲኖር የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። ይህን ሁሉ ሳሎን ውስጥ እንደ ጠበቃ አትዘርዝሩት። አውቃችሁት ተቀመጡ፤ ማወቃችሁ ከአነጋገራችሁ ይሰማል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? መጀመሪያ የሰው ቁጥር። «ከም ነፈር ፊ በይት?» በሉ፤ ሰዋስው የለውም፣ ዓረብኛ አስተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ያፍሩብኛል፣ ግን ሁሉም ይረዳዋል። ስትጠይቁ ቤቱን ሳይሆን ግቢውን ጠይቁ። እዚህ አካባቢ በአንድ አጥር ውስጥ አባት፣ ያገቡ ወንዶች ልጆችና ሚስቶቻቸው በየቤታቸው ይኖራሉ። «አምስት ነን» ሲሏችሁ የማዳሟን ቤት ብቻ ቆጥረው ይሆናል፤ ዓርብ ዓርብ ሃያ ሰው ይበላል። ቀጥሎ የሌላ ቤት ሥራ አለ ወይ? የእናቷን፣ የእህቷን ቤት? የምተኛው የት ነው? ስልኬ ከእኔ ጋር ይሆናል? የሳምንቱ ዕረፍት የትኛው ቀን ነው? ደሞዝ ወሩ በገባ በስንት ቀን ይገባል? አልጋ የያዘ ሰው ካለ ደግሞ ክብደታቸውን ሳይቀር ጠይቁ፤ ማን ያግዘኛል ብላችሁም ጠይቁ። እኔ ባለማስጠየቄ የመጣውን ነግሬአችኋለሁ።

መልሱ «ኢንሻአላህ» ከሆነ ወሬው እዚያ አያልቅም። ቃሉ ቅዱስ ነው፤ ከልቡ የሚለውም ብዙ ነው። ነገር ግን «ዓርብ አርፋለሁ?» ለሚል ጥያቄ «ኢንሻአላህ» የሚል መልስ አዎም አይም ሊሆን ይችላል፤ የእኛ «እናያለን» ማለት ነው። ደስ እያላችሁ አንድ እርምጃ ጨምሩ፦ «ኢንሻአላህ፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?» ሰዓት የጠራች ማዳም ቃል ገብታለች። ሰዓት ያልጠራችውን እናንተው መዝኑ።

ይህን ሳወራ ነባሮቹ እህቶች ይስቁብኛል። «አንቺ ዲግሪ አለሽ፣ አስተርጉመሽ ትሄጃለሽ፤ የጠየቀች ሥራ አታገኝም» ይሉኛል። ውሸት የለበትም። አንድ ጊዜ ስለ ዕረፍት ቀን ስንጠይቅ ማዳሟ ቡናዋን ሳትጨርስ ተነስታ ሄዳለች። ልጅቷ መኪና ውስጥ አለቀሰች፤ እኔም የምለው ጠፋኝ። ኢቃማዋ ሊያልፍ አሥር ቀን የቀራት፣ አገር ቤት ዕዳ የሚጠብቃት ሴት እንደ ሌላዋ መጠየቅ አትችልም። ለእሷ የምለው ሁለት ጥያቄ ብቻ ትምረጥ ነው፦ ስንት ሰው አለ፣ የሚነሳ በሽተኛ አለ ወይ። እነዚህ ሁለቱ ጉልበቷን የሚመለከቱ ናቸው፤ እንደ ድፍረትም አይቆጠሩም፤ ሥራዋን ለማወቅ የምትፈልግ ሴት ጥያቄ ናቸው። ተነስታ የሄደችዋን ማዳም በተመለከተ ደግሞ፣ በጥያቄ የተነሳች ሴት በጥያቄው ምክንያት ምን እንደምትነፍግ አስቀድማ ነግራናለች።

መኪና ውስጥ መልስ የሚያስጠናውን ደላላ ግን አትስሙት። ከብሳ በይ፣ ሙስሊም ነኝ በይ፣ 25 ዓመቴ ነው በይ እያለ ያስጠናል። የእሱ ገንዘብ የሚከፈለው ዝውውሩ ሲያልቅ ነው፤ የእናንተ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። አገር ቤት ላለች እህታችሁም ይህንኑ ንገሯት። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ኤጀንሲ ከሠራተኛዋ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም፤ እሷ የምትችለው እንደ ፓስፖርትና ሕክምና ምርመራ ያለውን የራሷን ወጪ ነው። በቪዲዮ ስትጠየቅ አጠገቧ ቆሞ መልስ የሚሹለከልክላት ሰው ካለ፣ ማዳሟ የምታናግረው እሱን ነው።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ንጹሕ ዓባያ፣ ጥፍር የተቆረጠ፣ ሽቶ ያልበዛበት፣ ስልክ የተዘጋ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ቡና ወይም ቂሽር ከቀረበ በቀኝ እጅ ተቀበሉ፤ ሲበቃችሁ ስኒውን ወዝወዝ አድርጋችሁ መልሱ፣ አለበለዚያ እየተቀዳ ይቀጥላል። ቂሽሩን ስትቀምሱ የቡና ገለባ መሆኑን ታውቁታላችሁ፤ የሐረር ልጆች ደግሞ አገራቸው የገቡ ይመስላቸዋል። ልጆች ካሉ ስማቸውን ጠይቁ። ልጅ ሳይወዱ ለማሳየት ብሎ ማቀፍ ግን ልጁም ያውቀዋል።

እኔ ዛሬ ለማስተርጎም ስቀመጥ ከሰላምታው በኋላ ለሁለቱም አንድ ነገር እናገራለሁ፦ የተባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፣ ጎን ለጎን የሚባለውንም ጭምር። «ምን ልበላት?» የምትለኝ እህት ካለች «እያመነታች ነው፣ ጊዜ ስጫት» ብዬ ያንኑ እተረጉማለሁ። እናንተም አስተርጓሚያችሁን ከመግባታችሁ በፊት ይህን አስገቡት ወይም አስገቧት። ረጅም ንግግር ተናግራችሁ በሁለት ቃል ከተተረጎመ አቁሙና «ሁሉንም ንገሪልኝ» በሉ።

ወደ መጀመሪያዋ ልጅ ልመለስ። ማዳሟ የደወለችልኝ ቀን ወደዚያው ቤት ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን ነበር የተነጋገርነው። ወገቧን እንደሚያማት፣ አሮጊቷን ብቻዋን ማንሳት እንደማትችል፣ ማጠብና መመገብ ግን እንደምትወድ ነገረቻት። ማዳሟ ትንሽ አሰበችና ትልቁ ልጇን ጠራች፤ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊትና ማታ እሱ ያነሳቸዋል ተባለ። ነገሩ ሃያ ደቂቃ አልወሰደም። ከዚያ ማዳሟ፣ ቁጣው ለቋት፣ እንደ መገረም ብላ ጠየቀቻት፦ «ታዲያ ለምን የዚያን ቀን አልነገርሽኝም?»

ተረጎምኩላት። ልጅቷ አልመለሰችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።